ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች፦ የአረጋውያን የደጅ ውሎና የአእምሮ ጤና በከምባታ ምድር

በዳምቦያና በዙሪያዋ በማለዳ የሚጓዝ ሰው ሳያየው የማያልፈው ነገር አለ። ጉሙ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ተነሥቶ ፀሐይ የቤቱን ፊት መምታት ስትጀምር፣ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ደርበው በበርጩማ ወይም በወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። ፀሐይ ይሞቃሉ። መንገደኛው ቆሞ እጅ ይነሣል፤ እሳቸውም የእርሱን፣ የወላጆቹን፣ የከብቱን ደኅንነት በየተራ ይጠይቃሉ። ወደ ግጦሽ የሚወጣውን ከብት በዓይናቸው ይቆጥራሉ፤ አጥር ላይ የሚንጠለጠለውን ልጅ ይገሥጻሉ፤ ገበያ የሚወርደውን ሰው የእህል ዋጋ ጠይቆ እንዲመጣ ያዙታል። ለማያውቃቸው ሥራ የፈቱ ይመስሉታል። በሕክምና ዓይን ለሚመለከታቸው ግን በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ብርሃን፣ እንቅስቃሴ፣ ጨዋታና ኃላፊነት አግኝተዋል። ድብርት ለያዘው አረጋዊ ከመድኃኒት በተጨማሪ ከምንመክረው ነገር አብዛኛውን ማንም ሳያዝላቸው ወስደዋል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የደጅ ውሎ ከምን ከምን የተሠራ እንደነበር፣ እንዴት እየጠበበ እንደመጣ፣ የሕክምና ሳይንስም ስለ ጉዳዩ ምን እንዳወቀና ምን ሳያይ እንዳለፈ በታሪክ መልክ መመልከት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ አረጋዊን ከድብርት የሚጠብቀው ነፋሻ አየር ብቻ አይመስለኝም። ወደ ደጅ የሚያስወጣ ጉዳይ መኖሩ ነው። ጉዳዩ ሲጠፋ አየሩ እዚያው ከበሩ ውጭ እያለ ሰውየው ከቤት ይቀራል።

ዳምቦያ በከምባታ ዞን የምትገኝ የወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ወረዳዋ ቀድሞ የቀዲዳ ጋሜላ አካል ነበር። ዞኑ ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይተዳደራል። በንጉሠ ነገሥቱና በደርግ ዘመን ግን ከሀዲያ ጋር ተጣምሮ ከምባታና ሀዲያ አውራጃ ይባል ነበር፤ ዋና ከተማው ሆሳዕና፣ ክፍለ ሀገሩም ሸዋ ነበር። ሕዝቡ በአገራችን እጅግ ተጠጋግተው ከሚኖሩት መካከል የሚቆጠር ነው፤ ኑሮውም በእንሰት ላይ ቆሟል። ስለ አረጋውያኑ የደጅ ውሎ ለመናገር ከቤቱና ከእንሰቱ መጀመር የግድ ነው።

የቀድሞው የከምባታ ቤት ክብ፣ በሣር የተከደነ፣ አንድ በር ያለው ነው። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ መካከሉ ላይ ምድጃ አለ። ሙቀቱ ለደጋ ሌሊት የተመቸ ነው፤ ብርሃኑ ግን እጅግ ጥቂት፣ ጭሱም ብዙ ነው። እዚህ ላይ አንድ አኃዝ ማስታወስ ይጠቅማል። በሚገባ የበራ ቢሮ ውስጥ ያለው ብርሃን ከ300 እስከ 500 ሉክስ ይደርሳል። ደጅ ግን በደመናማ ቀን እንኳ 10,000 ሉክስ ገደማ ይገኛል፤ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ደግሞ እስከ 100,000 ይደርሳል። መስኮት የሌለው ቤት ከቢሮውም በእጅጉ ያነሰ ነው። የሰውነታችንን የቀንና የሌሊት ሥርዓት የሚመራው የአንጎል ክፍል ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዓይን በኩል በሚገባው ብርሃን ነው። በእርጅና ዘመን የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ፣ ለዚህ ተግባር የሚያስፈልገው የብርሃን ዓይነት ወደ ሬቲና የሚደርሰው ቀንሶ ነው። በመሆኑም ሽማግሌው ከወጣቱ የበለጠ ብርሃን ያሻዋል። በጨለማ ቤት የዋለ አዛውንት ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ይነቃል፤ የሌሊቱ መንቃት ደግሞ ሐሳብ ይወልዳል። አረጋውያኑ በማለዳ ከቤት ወጥተው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ማዞራቸው የጭሱና የብርዱ ጉዳይ ይመስላቸው ይሆናል፤ ሰዓታቸውንም እያስተካከሉ ነው።

ከቤቱ ጀርባና ጎን እንሰቱ አለ። እንሰት ከተተከለ በኋላ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ጠብቆ የሚደርስ ተክል ስለሆነ፣ የሚተክለው ሰው ሁልጊዜ ለነገ ነው የሚተክለው። ለእርጅና ዘመን የሚስማማ ሌላም ጠባይ አለው። በአንድ ወቅት ተዘርቶ በአንድ ወቅት እንደሚታጨደው ስንዴ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ሥራ ይጠይቃል። ጉልበት ያለው ይቆፍራል፣ ያዛውራል። ጉልበት የቀነሰው ደግሞ የደረቀውን ቅጠል ይቆርጣል፣ ፍግ በትንሽ ቅርጫት ይወስዳል፣ ችግኙን ከከብት ይጠብቃል፣ የታመመውን ለይቶ ያሳያል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። የእንሰትን የማጠውለግ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ለይተው አስታውቀዋል፤ በየጓሮው ግን የቅጠሉን አወዳደቅ አይተው ገና በጅማሬው የሚያውቁት አሮጊቶች ናቸው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት በጓሮአቸው ሲዞሩ ቤተሰቡ ምክር ይጠይቃቸዋል። ምክር የሚጠየቅ ሰው ራሱን እንደ ሸክም አይቆጥርም።

የወንድና የሴት አረጋውያን ደጅ አንድ አለመሆኑንም ልብ ማለት ያሻል። የወንዱ ደጅ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሣር፣ መንገዱና የዛፍ ጥላው ነው። በከምባታም ሆነ በሀዲያ ሴራ በሚባለው ነባር ሥርዓት መሠረት የተጣላን የሚያስታርቁት፣ የድንበር ክርክርን የሚፈቱት፣ ካሳን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚቀመጡት ከቤት ውጭ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ለዚህ ሸንጎ ሲል ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ከዘራውን ይዞ ይራመዳል፣ ያለፈውን ነገር ያስታውሳል፣ ያመዛዝናል። ይህን ሁሉ ለጤናው ብሎ አያደርገውም። የሴቷ ደጅ ግን ከቤቱ በስተጀርባ ነው፤ እንሰት የሚፋቅበት፣ ጎረቤት ሴቶች ተሰባስበው በደቦ የሚሠሩበት፣ ወሬና ዘፈን የሚፈስበት ስፍራ ነው። ለእንግዳ የማይታይ በመሆኑም ስለ እርሱ የተጻፈው ጥቂት ነው። እኔም ብሆን ጽሑፌን የጀመርኩት በወንዱ ሽማግሌ መሆኑን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም።

ከ1920 ዓ.ም. በኋላ ሌላ የመውጫ ምክንያት ተጨመረ። በዚያ ዓመት በሐኪሙ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የወረደው የሚስዮን ቡድን ከሆሳዕና አጠገብም ጣቢያ ከፈተ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአካባቢው እየሰፉ ሲሄዱ፣ ቀደም ሲል በነበሩት የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት እንደሚደረገው ሁሉ፣ በየሳምንቱ ኮረብታ ወጥቶ ጸሎት ቤት መድረስ የአረጋውያን ልማድ ሆነ። እግሩ የደከመ ሽማግሌ ለሌላ ጉዳይ የማይሄደውን መንገድ ለእሑድ ጸሎት ሲል ይሄደዋል።

ምዕራባውያን ሐኪሞች ይህን ነገር ያገኙት ሳያስቡት በአእምሮ ሕሙማን ግቢ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ዊሊያም ቲዩክ እ.ኤ.አ. በ1796 የከፈተው ማረፊያ ሕሙማንን በሰንሰለት ከማሰር ይልቅ በአትክልት ስፍራና በቀላል ሥራ ማዋልን መረጠ። አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ደግሞ ስለ አእምሮ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አስገራሚ ነገር መዘገበ፦ እንጨት የሚፈልጡ፣ እሳት የሚያነዱ፣ አትክልት የሚቆፍሩ ሕሙማን ብዙ ጊዜ ይድናሉ፤ ክብራቸው ከሥራ ያዳናቸው ባለጸጎች ግን በሆስፒታሉ ግድግዳ ውስጥ ሲማቅቁ ይኖራሉ። በቤልጂየም የምትገኘው የጌል ከተማ ታሪክ ከዚህም ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። በዚያች ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማን በገበሬ ቤተሰቦች ዘንድ እየኖሩ፣ ከቤተሰቡ ጋር እርሻና ከብት እየጠበቁ ይውሉ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቁጥራቸው ከ3,700 በላይ ደርሶ ነበር። በጌልም ቢሆን በሽተኛውን ወደ ውጭ ያወጣው ላሚቱ መታለብ ስላለባት ነው እንጂ የጤና ምክር አይደለም።

በቁጥር የተደገፈው ማስረጃ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት በፔንሲልቬኒያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን ያነጻጸረ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግንብ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም አነስተኛ ነበር። ስለ አረጋውያን በተለይ የሚናገረው የቶኪዮ ጥናት ሲሆን፣ ታካኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1918 ባሉት ዓመታት የተወለዱ 3,144 ሰዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትለው፣ በቤታቸው አቅራቢያ በእግር የሚሄዱበት አረንጓዴ ስፍራ ያላቸው አረጋውያን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የኑሮ ደረጃና የአካል ብቃት ከግምት ገብተውም ልዩነቱ አልጠፋም።

ለጤና ሠራተኛ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የኢየሩሳሌሙ ይመስለኛል። ጄኮብስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 70 ዓመት የሆነ አረጋውያን የተጠየቁት ጥያቄ በጣም ቀላል ነበር፦ ከቤት የሚወጡት በየቀኑ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ከሰባት ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ በየቀኑ ይወጡ በነበሩት ላይ አዲስ የእንቅልፍ ችግር፣ አዲስ የአጥንትና የጡንቻ ሕመም ቅሬታ፣ ሽንት አለመቆጣጠርና የዕለት ተዕለት ተግባርን ማከናወን መሳን ያነሰ ነበር። ምን ያህል እንደሮጡ፣ የት እንደሄዱ አልተጠየቁም፤ መውጣታቸው ብቻ ነው የተጠየቀው። የብርሃኑን ድርሻ ለብቻው ለመለየት ደግሞ በሆላንድ በ12 የአረጋውያን መኖሪያዎች በ189 ሰዎች ላይ የተደረገውና በዚያው ዓመት የታተመው ጥናት ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ደማቅ መብራት በተተከለባቸው ቤቶች የድብርት ምልክት በ19 በመቶ ቀንሶ፣ የማስታወስ ችሎታቸው ማሽቆልቆልም በመጠኑ ዘግይቶ ተገኝቷል። ለዚህ ሲባል ጣራ ሙሉ መብራት መትከል ነበረባቸው። በዳምቦያ በር መክፈት ይበቃል።

አንባቢ ሐኪም አንድ ጥያቄ እንደሚያነሣ እገምታለሁ፦ የሚወጡት ጤነኛ ስለሆኑ እንጂ ስለወጡ ጤነኛ ሆኑ ለማለት ምን ማስረጃ አለ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ተመራማሪዎቹ የመነሻ ጤናን በስሌት ለማስተካከል ቢሞክሩም ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ አይወገድም። የሆላንዱ ጥናት በዕጣ የተመደበ በመሆኑ የብርሃንን ውጤት በተሻለ ያረጋግጣል፤ ስለ ጨዋታው፣ ስለ ሸንጎውና ስለ ጓሮው ግን አይናገርም። እነዚህ ለመለካት አዳጋች ናቸው። አዳጋች መሆናቸው ግን ከቁም ነገር ላለመቁጠር ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና ታሪካችን አረጋውያንን ብዙም አላያቸውም። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሆላንዳዊው ሮበርት ጊልና ባልደረባው ቫን ሉይክ የአእምሮ ሕመምን ከሆስፒታል ግቢ ውጭ በትንንሽ ከተሞች ማጥናት ጀመሩ፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ እርምጃ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከሆሳዕና በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ ደግሞ በዓለም የታወቀ ጥናት የተካሄደባት ስፍራ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም በአፍሪካ ገጠር ያለንን ዕውቀት የለወጠ ውጤት ተገኘ። የተጠያቂዎቹ ዕድሜ ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ነበር። ለጥናቱ ዓላማ ይህ ገደብ ምክንያት ነበረው። ቢሆንም ጠያቂዎቹ ወደ ግቢ ሲገቡ በደጃፍ ተቀምጠው የተቀበሏቸው፣ መርቀው የሸኟቸው ሽማግሌ ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

ተመሳሳይ ነገር ከዚያ በፊትም ሆኗል። በከምባታ፣ በሀዲያና በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚታየውን ዝሆኔ (ፖዶኮኒዮሲስ) በመላ አገሪቱ ለመቁጠር ኦመን የተባለው ሐኪም የተጠቀመበትን ዘዴ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት በ56 ገበያዎች ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ገበያተኛ እግር ታይቶ ተመዘገበ። ብልኅ ዘዴ ነው። ነገር ግን በገበያ የሚቆጠረው ገበያ የወጣው ብቻ ነው። እግራቸው አብጦ፣ ሽታው አሳፍሯቸው፣ ዘመድ እንኳ እንዳያያቸው ከቤት የተደበቁት አልተቆጠሩም። የበሽታው መነሻ የአፈር ቅንጣት መሆኑን በምርምር ያስረዳው እንግሊዛዊው ኧርነስት ፕራይስ ነበር። በሽታው በጫማና በዕለታዊ የእግር እጥበት የሚከላከሉት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ አረጋውያን ዛሬም ከደጅ የሚቀሩት በእርሱ ምክንያት ነው። በሽታው ካለባቸው ሰዎች ዘንድ ድብርት ከሌላው በብዙ እጥፍ ጎልቶ እንደሚታይም በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ለእነዚህ ሰዎች "ወጣ ብለው ይንሸራሸሩ" ብሎ መምከር ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ካልቀደመ ቀልድ ይሆናል።

አረጋውያን በተጠየቁበት ጊዜ የተገኘው መልስ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት በአምቦ ከተማ ከተጠየቁት አረጋውያን ከአሥሩ አራቱ ገደማ የድብርት ምልክት ታይቶባቸዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከሕዝቡ 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። በመቶኛ ትንሽ ይምሰል እንጂ በሰው ቁጥር ሚሊዮኖች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህም በእጅጉ ጨምረዋል።

የደጅ ውሎው እንዴት ጠበበ? የመጀመሪያው ድንጋጤ የመንደር ምሥረታው ነበር። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላ አገሪቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ የገጠር ሰው ቤቱን አፍርሶ በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ተደርጓል፤ የሸዋ ክፍለ ሀገርም ከዘመቻው አልቀረም። እንሰት የጓሮ ተክል ነው። ቤቱ ከእንሰቱ ሲለይ ጎልማሳው ተመላልሶ ይሠራል፤ ሩቅ መሄድ የማይችለው ሽማግሌ ግን በአንድ ቀን ሥራውን ያጣል። ፖሊሲው በ1982 ዓ.ም. ሲላላ ብዙው ሰው ወደ ጓሮው ተመልሷል። በዚያው ዘመን ከከምባታና ከሀዲያ ተነሥተው በመተከል፣ በፓዌ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ግን ከእንሰት አገር ወደ ቆላ ወርደዋል። የደጋ ሰው ስለ ቆላ ደጅ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ለውጥ ድምፅ የሌለው ነው። መሬቱ ለልጅ፣ ከዚያም ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ሲሄድ የግጦሹ ሣር ታረሰ፣ ከብቱም ቀነሰ። በማለዳ የሚቆጠር ከብት ከሌለ የሚቆጥረውም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዳምቦያ መንገድ ዳር የሚታየው ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የከምባታና የሀዲያ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደድ ጀመሩ። የደረሱት ገንዘብ ላኩ። በላኩትም ገንዘብ ለወላጆቻቸው ጥሩ ቤት ሠሩ፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሲሚንቶ ወለል፣ የግንብ አጥር፣ የብረት በር። ልጅ ለአባቱ ይህን ማድረጉ የሚያስመሰግን ነው፤ ጭሱና ትኋኑ ቀርቶላቸዋል። ነገር ግን ግንቡ መንገዱን ጋርዷል። የብረት በሩ ሲዘጋ መንገደኛው እጅ የሚነሣለት ሰው አያይም። በእንሰቱ ቦታ ሲሚንቶ ተነጥፏል። አዛውንቱ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው፣ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ እንዲጠራ ይጠብቃሉ። መጠበቁም ፍርሃት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለ ስፍራ 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ ወሬው ልጁ በመንገድ ላይ ያለበትን ወላጅ ሁሉ አስደንግጧል።

እንደዚህ ያሉ አረጋውያን ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ "አዝኛለሁ" አይሉም። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ወገቤን ነው ይላሉ። የደም ግፊታቸው ይለካል፣ ማስታገሻ ይሰጣቸዋል፣ ይሄዳሉ። በወሩ ይመለሳሉ። እኛም በካርዱ ላይ ያንኑ ቃል ደግመን እንጽፋለን። እዚህ ላይ የኢየሩሳሌሙ ጥያቄ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ መሣሪያ ነው፦ "አባቴ፣ ትናንት ከቤት ወጥተዋል? ወዴት ሄዱ? ለምን ጉዳይ?" ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። "ምን ጉዳይ አለኝና" የሚል መልስ ከተሰማ የድብርት መጠይቁን አውጥቶ መጠየቅ ይገባል።

ምክሩም ከዚሁ ይነሣል። ከምባታን ለጎብኚ ያስተዋወቀው ወደ ሀምበሪቾ ተራራ የሚያወጣው የ777 ደረጃ መንገድ ነው። ለጉልበተኛ መልካም ነው፤ ለእኛ በሽተኛ ግን አይሆንም። የእሳቸው ተፈጥሮ ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ሳይርቅ አለ። ለቤተሰቡ የሚነገረው ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ በግንቡ ጥግ ጥቂት የእንሰት ችግኝ ተተክሎ ለእርሳቸው ይሰጥ፤ በማለዳ የብረት በሩ ተከፍቶ ወንበራቸው ከደጃፉ ይውጣ፤ ዶሮዎቹን የሚለቁትና የሚቆጥሩት እሳቸው ይሁኑ፤ የዕድሩ ሊቀ መንበር ቀድሞ ያማክራቸው እንደነበረ አሁንም ወደ ሸንጎው ያስጠራቸው። ለእናትየው ከሆነ ደግሞ ጎረቤት እንሰት በሚፋቅበት ቀን፣ ባይፍቁም እንኳ፣ በመካከላቸው ይቀመጡ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞቹን እስከ ግቢ በር ያደረሰ ስለሆነ፣ ይህን ለመናገርና በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ለማየት ከእነርሱ የሚቀርብ ሰው የለም።

ጥንቃቄዎቹ በጥቂቱ ይነገሩ። ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ ከሆነ አስቀድሞ ለቀዶ ሕክምና ይላኩ፤ ብርሃን ሳይገባ ፀሐይ መሞቅ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል፣ መውደቅንም ያስከትላል። በክረምት የሚያዳልጥ ደጃፍ ላይ ጠጠር ይደፋ፣ ከዘራም ይያዝ። ሽንት ለመቆጣጠር የሚቸገሩ አዛውንቶች ከሸንጎ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ሐፍረት መሆኑን አይናገሩትምና ሐኪሙ ራሱ ይጠይቅ። የሽንት ማሸኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም የሚወስዱበትን ሰዓት ማስተካከል ብቻውን ከቤት ሊያወጣቸው ይችላል።

በመጨረሻም የደጅ ውሎ የመድኃኒት ምትክ አይደለም። ምግብ ያስቀረ፣ ክብደት ያስቀነሰ፣ ሞትን ያስመኘ ድብርት የያዘው አረጋዊ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ ከዚያ ሲመለስም ወንበሩ ከደጃፉ መውጣቱ እንዳይረሳ በማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።